ስሟን አልጠራሁም

ሐሙስ 4

ከጸሎት መልስ ነው። አባባ ተኝቷል። እራቴን በቁሜ በላሁ፤ እንዲህ ያለ ሐሙስ በዓመት አንዴ ነው የሚገኘው፣ ሳልጽፈው አልተኛም።

በልብስ ሰፊዋ ቤት የምንሰበሰበው ስድስት ሴቶች ነን። የስፌት መኪናዋን በአንሶላ ሸፍና ወደ ግድግዳ ትገፋዋለች፣ ክብ ሠርተን እንቀመጥና እያንዳንዳችን የጸሎት ርእስ እናቀርባለን። የእኔ ርእስ ዓመቱን ሙሉ ያው ነው፦ የአባባ ጆሮ፣ የአባባ ጉልበት፣ የእኔ ወገብ። “አሜን” ይሉና ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። ዛሬ ግን “አንዲት እህት አለች” ብዬ ጀመርኩ። የአምስት ወር ጽንስ እንደጨነገፈባት፣ ከዚያ ወዲህ መጠጥ እንደለመደች፣ ጠርሙሱን ቁም ሣጥኗ ባለ ቡትስ ጫማ ውስጥ ደብቃ እንደኖረች፣ አሁን ግን ለመተው እየታገለች እንደሆነ ነገርኳቸው። ስሟን አልጠራሁም።

ፋርማሲ የምትሠራው ሴት ከጎኔ እጄን ጭብጥ አድርጋ ያዘችኝ። ተንበርክከን አርባ ደቂቃ ጸለይን፤ ዓይኗ በቀላሉ የማይረጥበው ልብስ ሰፊዋ ሳትቀር አለቀሰች። ስንወጣ አንዷ አቅፋኝ “ምን ዓይነት ሸክም ነው የተሸከምሽው!” አለችኝ። መንገዱን ሁሉ ልቤ ሞልቶ ነው የመጣሁት።

ታናሽ እህቴ ሚጣ እሁድ ስትነግረኝ “ለማንም እንዳትተነፍሺ፤ ብቻ ጸልዪልኝ” ነበር ያለችው። ይኸው ጸለይኩላት። አንድ ሰው ከሚጸልይ ስድስት ሰው ቢጸልይ አይሻልም?

ዓርብ 5

ሥራ በዝቶ ዋለ። ሚጣ በምሳ ሰዓት ደወለች። “እትዬ፣ ዛሬ ሃያ አንድ ቀኔ ነው፤ ጠብታ አልቀመስኩም” አለች። ከበስተጀርባዋ ሕፃናት ይንጫጫሉ፤ ለአንዱ “ማስቲሹን ከአፍህ አውጣ!” ትለዋለች። ሠላሳ ሁለት ዓመቷ ነው፣ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ናት፣ ባል አላት፣ ለእኛ ቤት ግን ዛሬም ሚጣ ናት። ጸሎቱ እየሠራ ነው።

ሐሙስ 11

የፋርማሲዋ ሴት ዛሬ ገና በር ላይ “ያቺ እህት እንዴት ሆነች?” አለችኝ። “የትኛዋ?” አልኳት። “ያቺ ‘አንዲት እህት’ ነቻ” አለችና ጎኔን በክርኗ ነካ አደረገችኝ። ደህና ናት አልኩ። ከዚያ ሻይ ሲቀዳ ከአጠገቧ ላለችው ስትናገር ሰማሁ፤ የልጅ ልጇ የሚማረው ሚጣ የምታስተምርበት ነው። ይህን አላውቅም ነበር። ወይስ አውቅ ነበር?

ሰው ለጸሎት የሰማውን ለክፉ አያውለውም።

ሰኞ 15

ሚጣን ከክፍል አስወጧት። አሁን እዚህ ናት፣ ከአባባ ጋር። ነገ እጽፋለሁ።

ማክሰኞ 16

ትናንት የሆነው እንዲህ ነው። ዳይሬክተሯ ከሦስተኛው ክፍለ ጊዜ በኋላ ቢሮ ጠራቻት። አንዲት ወላጅ “ልጄን የምታስተምረው ጠጪ ናት” ብላለች። ሚጣ ሥራ ላይ ጠጥታ አታውቅም፤ ያኔም ቢሆን ማታ ማታ ነበር። “እኔም ጠጥተሽ ገባሽ አላልኩሽም” አለቻት ዳይሬክተሯ፣ “ግን እስኪጣራ እቤትሽ ቆዪ።” ልጆቹ በመስኮት እጃቸውን ሲያውለበልቡላት ቦርሳዋን ይዛ ወጣች።

አባባ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ጉልበቱን ተደግፋ አለቀሰች። እኔ ጀርባዋን አሻሸሁላት። “ቡትሱን ሳይቀር ያውቃሉ እኮ፣ እትዬ። ባሌ የማያውቀውን።” ባሏ መንገድ ሥራ ላይ ነው፣ በወር አንዴ ነው የሚመጣው። “ማን ነው የነገራቸው? ከአንቺ በቀር የነገርኩት ሰው የለም። አንቺ እንዳልሆንሽማ አውቃለሁ።”

ያኔ መናገር ነበረብኝ። አፌን ከፈትኩና “ልብስ አጣቢዋ ትሆናለች” አልኩ። “ቁም ሣጥንሽን የምትከፍተው እሷ አይደለችም?”

ከየት እንደመጣ አላውቅም። እጄ ጀርባዋን ማሸት አላቆመም። አባባ ወንበሩ ላይ ሆኖ ያየናል፤ ጆሮው አይሰማም፣ ምን እንዳልኩ አያውቅም።

ሐሙስ 18

ለጸሎት አልሄድኩም። ወገቤን አሞኛል ብዬ ላክሁ። ደግሞ እውነትም አሞኛል።

ሚጣ ልብስ አጣቢዋን አሰናበተቻት። ሴትየዋ አልተከራከረችም አለች፤ “እኔ ካልሲ እንጂ ጫማ አላጥብም” ብቻ ብላ ሄደች። አራት ዓመት ነው የሠራችላት።

ቅዳሜ 20

ተንበርክኬ እጀምራለሁ፣ አልዘልቅም። ድሮ ጸሎት ለእኔ ውኃ ነበር፤ ከአፌ ሲወርድ ራሴ እደነቃለሁ። አሁን “ጌታ ሆይ፣ ሚጣን አስባት” ብዬ እዚያው ላይ እደጋግማለሁ። ስለዚህ ጮክ አልኩ፤ ያልወጣው በጉልበት ይውጣ ብዬ። ግማሽ ሰዓት ያህል ቃል ደረደርኩ። ስነሣ አባባ በሩ ላይ ቆሟል።

“ምነው ልጄ፣ ወለሉ እኮ ተንቀጠቀጠ” አለ። “የእሱ ጆሮ እንደ እኔ መሰለሽ እንዴ? ለምን ትጮኺበታለሽ?”

ይህን የሚለኝ ደግሞ እሱ ነው። አባባ ሰዓት ሠሪ ነበር፤ የሰዓት ምት መስማት ሲያቅተው ሱቁን ዘጋ። ከዚያ ወዲህ ስድስት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ክፍሉ ገብቶ በሩን ዘግቶ ይጸልያል። የሚያንሾካሹክ ይመስለዋል። ቤቱ በሙሉ ይሰማል። ጉልበቱን፣ ሆድ ድርቀቱን፣ ሟች እናቴን ምን ያህል እንደሚናፍቅ፣ ሁሉንም እኔ ኩሽና ሆኜ እሰማለሁ። አንድም ቀን ነግሬው አላውቅም።

ሰኞ 22

ሥራ ላይ አጠፋሁ። እግዚአብሔር ነው ያወጣኝ።

ሆስፒታል ውስጥ የእኔ ሥራ ቀዶ ሕክምና ውሎ የመጣውን መሣሪያ ማጠብ፣ መቦረሽ፣ በድርብ ጨርቅ ጠቅልሎ ኦቶክሌቭ በሚባለው ማሽን ውስጥ በእንፋሎት መቀቀል ነው። ጥቅሉ ላይ የምንለጥፈው ፕላስተር ሙቀት ሲያገኘው መስመሩ ይጠቁራል። ውስጥ ደግሞ አንዲት ቁራጭ ወረቀት እንጨምራለን፤ እሷም መጥቆር አለባት። ዛሬ ከቀዶ ክፍል ነርሷ አንድ ጥቅል ይዛ መጣች። ውጪው ጥቁር፣ ውስጥ ያለችው ወረቀት ነጭ፣ ጨርቁ እርጥብ። የጠቀለልኩት እኔ ነኝ። ገና ሲፈታ ስላዩት ሰው ላይ አልደረሰም።

አለቃዬ ሽማግሌ ናቸው፣ አይጮኹም። ጥቅሉን ጠረጴዛ ላይ አድርገው አንድ በአንድ ፈቱት። ለሁለት ጥቅል የሚሆን መቀስና መቆንጠጫ በአንዱ አጭቄያለሁ። “እንፋሎቱ በየት ይግባ፣ ልጄ?” አሉ። “ውጪውን አይተሽ በስሏል ትያለሽ። ክፍት ቦታ ካልተውሽለት ውስጡ አይገባም።” ከዚያ ሁሉንም እንደገና እንዳጥብ አደረጉኝ። ሃያ ዓመት ስሠራ እንዲህ ያለ ስሕተት የመጀመሪያዬ ነው።

ረቡዕ 24

ሚጣ ጋ ሄድኩ። መጋረጃው አልተገለጠም። ጥርሷን ገና አሁን ነው የታጠበችው፣ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ። ምን እንደሆነ ገባኝ። እሷም እንዳወቅሁ አወቀች።

“ሠላሳ ዘጠኝ ቀን ደርሼ ነበር” አለች። “አሁን እንደገና ከአንድ።”

እቃዋን አጠብኩላት። ልብስ የሚያጥብላት ስለሌለ የተከመረ ልብስ ነበር፣ እሱንም አጠብኩ። ስወጣ “አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር” ብላ አቀፈችኝ።

ዓርብ 26

ዛሬ ጠዋት ሻይ ጥጄ ቆሜአለሁ። አባባ ክፍሉ ውስጥ ጀመረ፤ ቃል በቃል እጽፈዋለሁ፣ አልረሳውም።

“እንደምን አደርክ፣ ጌታዬ። የጉልበቴን ነገር ተወው፣ ለሱ ቅባት አለኝ። ትንሿን እጇን ያዝልኝ። ትልቋን ደግሞ አንድ ነገር አንቋታል። ያን ቀን ትንሿ ጉልበቴ ላይ ስታለቅስ የትልቋን ፊት አይቻለሁ፤ ጆሮዬ ነው የደከመ፣ ዓይኔ ምን ሆነ? እኔ ብነግራት ትሰበራለች። ራሷ ታውጣው። ድፍረት ስጣት። ልጄ ክፉ አይደለችም፤ መታየት ነው ያማራት። እኔም ሳላያት ኖሬ ይሆናል። አሜን።”

ሻዩ ገንፍሎ ምድጃውን አጠፋው። ወጥቶ “ምን ይሸታል?” አለኝ። ምንም አልኩት።

እሁድ 28

የሆነውን በራሴ ላይ ልጻፍ፤ እዚህ ካልጻፍኩ የት እጽፋለሁ።

ለሚጣ ስል አልነበረም። አምስት ሴቶች ዞረው እኔን ያዩኝ በሃያ ዓመት የመጀመሪያ ጊዜ ነበር። ሚጣ ስታነጥስ እንኳን ቤቱ ይሰበሰባል፤ እኔ ወገቤ ቢቆረጥ “አሜን” ነው። ያን ቀን አለቀሱልኝ። ደስ ብሎኝ ነበር። የእህቴን የሞተ ልጅ ይዤ ወጥቼ፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

የፋርማሲዋ ሴት ትሁን ልጇ፣ ሌላ ወላጅ ይሁን ጎረቤት፣ ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ያወጣው አፍ የእኔ ነው።

ማክሰኞ 30

የኦቶክሌቩ በር ከተዘጋ በኋላ ሠላሳ አምስት ደቂቃ ማንም አይነካውም። ሌሎቹ ሻይ ይወጣሉ። እኔ ዛሬ አንሶላ መደርደሪያው ሥር በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ቃል አልደረደርኩም፣ አልጮኽኩም። “ጌታ ሆይ፣ እኔ ነኝ የተናገርኩት” ብቻ አልኩ። አራት ደቂቃ ቆየሁ። ከዚያ ተነሥቼ ያልቆሸሸ ጠረጴዛ መወልወል ጀመርኩ።

ረቡዕ 1

ስድስት ደቂቃ። ያው አንድ ዓረፍተ ነገር። ጊዜው ሲረዝም ሌላ ሰው ልከስስ ይዳዳኛል፤ የፋርማሲዋን ሴት ሦስት ጊዜ ከአፌ መለስኳት።

ዓርብ 3

ሙሉውን ሠላሳ አምስት ደቂቃ ተቀመጥኩ። ሰላም አላገኘሁም። ግን አልሸሸሁም። አለቃዬ አልፈው ሲሄዱ አዩኝና በሩን ቀስ ብለው ዘጉልኝ።

ነገ እነግራታለሁ።

ቅዳሜ 4

ነገርኳት።

ጠረጴዛው ላይ ቢጫ ወረቀት ዘርግታ ዳክዬ ትቆርጣለች፤ ለማታስተምረው ክፍል። ካፖርቴን ሳላወልቅ “እኔ ነኝ” አልኩ።

“ምኑ?”

“ሐሙስ ጸሎት ላይ ነገርኳቸው። ስምሽን አልጠራሁም።”

መቀሱን አላስቀመጠችም። “ስንት እህት ነው ያለሽ?” አለች።

“አንድ።”

“ልብስ አጣቢዋስ?”

“እሱም እኔ ነኝ።”

አሁን መቀሱን አስቀመጠች፤ ቀስ ብላ፣ ሕፃን እንደምታስተኛ። “ለምን?” አለች። በመንገድ ሁሉ ያዘጋጀሁት ብዙ ነበር። “አለቀሱልኝ” አልኩ።

ከዚያ ያለችው ይኸው ነው፦ “ከዛሬ ጀምሮ እንዳትጸልዪልኝ። ስሜን እሱ ፊት ሁለተኛ እንዳታነሺው። በአንቺ በኩል ወደ እግዚአብሔር የሄደ ነገር ሁሉ መንገድ ላይ ሰው ያገኘዋል። ለእሱ የምለው ካለኝ ራሴ እነግረዋለሁ።” እትዬ አላለችኝም። በሩን ራሴ ከፍቼ ወጣሁ።

እሁድ 5

የልብስ አጣቢዋን ቤት ጠይቄ ጠይቄ አገኘሁት። ግቢ ውስጥ የሰው አንሶላ እያሰጣች ነበር። ያልሠራሽውን ሥራ በአንቺ ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ አልኳት። የልብስ መቆንጠጫዎቹን አፏ ውስጥ እንደያዘች ሰማችኝ። አውጥታ “አውቃለሁ” አለች።

“ማን ነገረሽ?”

“እህትሽ ትናንት ማታ መጥታ ነበር፤ ይቅርታ ጠይቃኛለች። አንቺ ዘገየሽ።” ከዚያ የአንሶላውን አንድ ጫፍ ሰጠችኝ። አብረን ጠመዘዝን። ይቅር ብያለሁ አላለችም፣ እኔም አልጠየቅኋትም።

ሐሙስ 9

ወደ ልብስ ሰፊዋ ቤት ሄድኩ። ተራዬ ሲደርስ “እዚህ ክብ ውስጥ ተቀምጬ አደራ በልቻለሁ” አልኩ። “የተሰጠኝን ምስጢር ለጸሎት ነው ብዬ አወጣሁት። ለጸሎት አልነበረም።” ስለ ሌላ ሰው አንድ ቃል አልጨመርኩም። ማንም እጄን አልያዘኝም።

የፋርማሲዋ ሴት ፊቷ ቀላ። “በእኔ ላይ ነው እንዴ የምታሽሟጥጪው? እኔ ለልጄ የነገርኳት እኮ እንድትጸልይ ብዬ ነው!” አለች። የራሴን ቃል ከአፏ ሰማሁት። ልቆጣት ፈልጌ ነበር፤ በየት በኩል ልቆጣ? “አውቃለሁ፤ እኔም እንደዚያ ነበር ያልኩት” አልኳት። ቦርሳዋን አነሣች፣ ከዚያ ግን ተመልሳ ተቀመጠች።

ልብስ ሰፊዋ መነጽሯን አውልቃ “እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ ሁሉም የራሱን ብቻ ያቅርብ” አለች። ሩብ ሰዓት ያህል የሚናገር ጠፋ። ወትሮ ሰዓት አይበቃንም ነበር።

ማክሰኞ 14

ሌሊቱን ሁሉ ሳስብ አደርኩና ጠዋት ጥሩ ልብሴን ለበስኩ። ዳይሬክተሯ ጋ ሄጄ ላስረዳ፤ ሚጣ ሥራ ላይ ጠጥታ እንደማታውቅ፣ ስንት ቀን እንደታገለች፣ ልጇን እንዴት እንዳጣች። ቢያንስ ያበላሸሁትን ላስተካክል።

አባባ በር ላይ ያዘኝ። “ወዴት?” ጆሮው ላይ ጮኼ ነገርኩት።

“ልታስረጂ?” አለ። “ባለፈው ያስረዳሽው አልበቃም?”

ሳቄም እንባዬም አብረው መጡ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ፤ ደግሞ ለሁለተኛ ጊዜ። ልብሴን ቀየርኩና ሥራ ገባሁ። ምንም አለማድረግ እንዲህ ከባድ መሆኑን አላውቅም ነበር።

ሐሙስ 16

በርጩማው ላይ በየቀኑ እቀመጣለሁ። አትጸልዪልኝ ስላለች ስሟ ሲመጣ ዝም እላለሁ። አባታችን ሆይ እላለሁ፤ እሱ ውስጥ የማንም ስም የለም። ሲያልቅ እሷ የምትሆንበትን ቦታ ክፍት ትቼ እቀመጣለሁ። ምንም አልጨምርበትም። አለቃዬ ያሉኝ ትዝ ይለኛል፣ ስለ እንፋሎቱ።

እውነቱን ለመናገር ባዶ ነው። ግን ወደ እሱ ለመመለስ አሁን አልፈራም። ድሮ ጸሎቴ ሲያምር ብቻ ነበር የምቀመጠው።

ሰኞ 20

ሚጣ ለእኔ አትደውልም። አባባ ጋ ትደውላለች፣ እሱ ይጮኻል፣ የእሱን ግማሽ ብቻ መስማቴ ይበቃኛል። “ስንት ቀን?... ስንት?... ሃያ ስድስት! ጎበዝ!” ስልኩን ዘግቶ ያየኛል። አልጠይቀውም።

ሐሙስ 23

ሚጣ ራሷ ዳይሬክተሯ ጋ ሄዳ ሁሉንም ነግራታለች፤ የነበረውን፣ የቆመውን፣ ወድቃ የተነሣችበትንም። እስከ ወር መጨረሻ ረዳት ሆና ትሠራለች፣ ከዚያ ይታያል ተባለች። ይህንንም ከአባባ ነው የሰማሁት። ያን ቀን ጥሩ ልብሴን ለብሼ ብሄድ ኖሮ ምን ይቀራት ነበር? የምትናገረውን ሁሉ ቀድሜ ተናግሬባት ነበር።

ቅዳሜ 25

ሚጣ መጣች። የአባባን ፀጉር ልትቆርጥ ነው፤ በየወሩ የእሷ ሥራ ነው። ሰላም አለችኝ፣ እንደ ጎረቤት። ፎጣ አቀበልኳት፣ ፀጉሩን ጠረግሁ። አባባ በመሃላችን ተቀምጦ አንዴ እኔን አንዴ እሷን በመስታወቱ ያያል። ሲያልቅ ራሱን ዳበስ ዳበስ አድርጎ “ትንሽ ዓረፍ ልበል” አለና ክፍሉ ገባ። በሩን ዘጋ።

እኛ ኩሽና ብርጭቆ እናጥባለን። እኔ አጥባለሁ፣ እሷ ታደርቃለች። ዝናብ ይጥላል። ያኔ ጀመረ።

“ጌታዬ፣ ዛሬ ሁለቱም ቤቴ ናቸው። አይነጋገሩም፣ ግን ሁለቱም አሉ። ሌላ የምለምንህ የለኝም። ጉልበቴንም ተወው። ለናታቸው ሰላምታ አድርስልኝ፤ ፀጉሬን ተቆርጫለሁ በላት።”

ሚጣ ፎጣውን አፏ ላይ ያዘች። መጀመሪያ የምታለቅስ መሰለኝ፤ ትከሻዋ የሚንቀጠቀጠው ግን በሳቅ ነበር፣ ከዚያ በሁለቱም።

“ሁልጊዜ እንዲህ ነው?” አለች።

“ሁልጊዜ።”

“እኔ ከዚህ ቤት ከወጣሁ ጀምሮ?”

“ጆሮው ከደከመ ጀምሮ። ስድስት ዓመት።”

“እና አልነገርሽውም?”

“ብነግረው ይተዋላ።”

“ለእነዚያ ሴቶችሽስ?”

“ለማንም አልነገርኩም።”

ብርጭቆውን ብርሃን ላይ አንሥታ አየችው። “ለካ ትችያለሽ” አለች። ነገሩ ስለት ነበረው፤ ተቀበልኩት። ቀጥዬ የማጥበው ብርጭቆ ስላልነበረ የታጠበውን እንደገና አጠብኩ።

ወደ መስኮቱ ዞራ፣ “እትዬ” አለችኝ። ከዚያ አንድ ነገር ነገረችኝ። አጭር አልነበረም። ሲያልቅ “ጸልዪልኝ” አለች፣ “ብቻሽን።”

የነገረችኝን እዚህ አልጽፍም።

ሐሙስ 30

ልብስ ሰፊዋ ዛሬ ተራዬ ሲደርስ መነጽሯን ወደ ላይ ገፋ አድርጋ “አንቺስ? የምንጸልይልሽ ነገር አለ?” አለችኝ። ሁሉም ዞረው አዩኝ፤ የፋርማሲዋ ሴት ሳትቀር ጠጋ አለች። አፌ ሊከፈት ሲል ተሰማኝ፣ ደረቴ ውስጥ ያለው ከባድ ነበርና።

“የአባባ ጆሮ፣ የአባባ ጉልበት፣ የእኔ ወገብ” አልኳቸው።

“አሜን” አሉና ወደሚቀጥለው አለፉ።